ትንሹ ዳኛ፦ ልጆች ሴትነትንና ወንድነትን እንዴት ይረዳሉ?

ወላጆችና መምህራን፣ የጋበዛችሁኝ ደብዳቤ «ሕፃናት የሴትንና የወንድን ልዩነት እንዴት ይረዱታል?» ይላል። ስለ ሴትነት የሚናገር ሰው በአገራችን ሞልቷል። ሰባኪው ይናገራል፤ ሹሙ በማርች 8 ይናገራል፤ አዝማሪውም በመሰንቆው የራሱን ይላል። የአራት ዓመት ልጅ ስለ ሴትነት ምን ታስባለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ደስ አሰኝቶኛል።

መንገዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ልጅ ወንድን ከሴት በምን እንደሚለይ እናያለን። ቀጥሎ ከቤታችንና ከአንደበታችን ምን እንደሚለቅም እንነጋገራለን። በመጨረሻም ጎንደርና ደጋው ራሳቸው ለልጅ የሚያሳዩት፣ እኛ ግን ዝም ብለን የምናልፈው ነገር አለ፤ እሱን እናነሣለን።

በሁሉም ውስጥ የምመላለስበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ስደጋግመው አትሰልቹኝ። ልጅ ዳኛ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመቱ ባለው ጊዜ ዙሪያውን ያያል፣ ይቆጥራል፣ ይፈርዳል። የሚሰማቸው ምስክሮች ጥቂት ናቸው፤ ፍርዱ ግን ጥብቅ ነው። «ሴት እንዲህ ናት»፣ «ወንድ እንዲህ አያደርግም» ብሎ ሲደነግግ ከአያቱ ይልቅ እሱ ይብሳል።

የእኛ ልጅ ይህን ዳኝነት የሚጀምረው ገና አፉን ሲፈታ ነው። በእንግሊዝኛ ሰውን «ወደዚህ ቅረብ» ለማለት ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ አያስፈልግም። በአማርኛ ግን «ና» ወይስ «ነይ»፣ «ብላ» ወይስ «ብዪ» የሚለው ሳይለይ አንድ ጉርሻ እንኳ አይቀርብም። ሕፃኑ እኅቱን «ና» ሲላት ቤተሰቡ ይስቃል፣ ከዚያም ያርመዋል። ስለዚህ ሰው ወንድና ሴት ተብሎ እንደሚከፈል ቶሎ ያውቃል። ክፍፍሉ በምን ላይ እንደቆመ ግን ገና አያውቅም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሎውረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በደረጃ አስቀምጦታል። ልጅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው «እኔ ወንድ ነኝ»፣ «እኔ ሴት ነኝ» ማለት ይችላል። ትንሽ ቆይቶ ሴቷ አድጋ እናት፣ ወንዱ አድጎ አባት እንደሚሆኑ ይገባዋል። ልብስ ቢቀየር፣ ጠጉር ቢላጭ፣ ጨዋታ ቢለወጥ ሴት ሴት፣ ወንድም ወንድ ሆኖ እንደሚቀር በደንብ የሚረዳው ግን ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ምልክቱንና ነገሩን አንድ ያደርጋቸዋል።

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቆረቆር የያዛት የአራት ዓመት ልጅ ተላጭታ ስትመጣ ጓደኞቿ «ወንድ ሆንሽ!» ይሏታል። ለእኛ ቀልድ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ላሉት ግን ቀልድ ላይሆን ይችላል። ልጅቱ እያለቀሰች ወደ ቤት ስትገባ «ሰደቡኝ» ብላ ብቻ አይደለም፤ እውነት ይሆን እንዴ ብላ ፈርታም ሊሆን ይችላል።

ሳንድራ ቤም የተባለች አሜሪካዊት ምሁር የገዛ ልጇን ታሪክ ተናግራለች። ልጇ የጠጉር ማስያዣ አድርጎ መዋዕለ ሕፃናት ሄደ። አንድ እኩያው «ማስያዣ የምታደርግ ሴት ናት፤ አንተም ሴት ነህ» ብሎ ሙጭጭ አለ። የቤም ልጅ ወንድነት በማስያዣ ሳይሆን በሰውነት መሆኑን በቤቱ ተምሯል፤ ክርክሩን ለመጨረስ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አሳየ። ያኛው ግን አልተረታም፦ ይህማ ሁሉም ሰው አለው፣ ማስያዣ የሚያደርጉት ግን ሴቶች ብቻ ናቸው አለ!

ሳቁ፤ ያስቃል። ቤም ግን በሳቁ አላበቃችም። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የሕፃናት ፎቶግራፍ አሳየች፤ መጀመሪያ ያለ ልብስ፣ ቀጥሎ የሌላውን ጾታ ልብስ ለብሰው። የወንድና የሴት ሰውነት ልዩነት በምን እንደሆነ የሚያውቁት ልጆች በልብሱ የመታለላቸው ነገር በጣም ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ለልጃችን የዓይንን፣ የእጅን፣ የጉልበትን ስም እናስተምራለን። ከእምብርት በታች ስንደርስ «ነውር!» ብለን እንዘጋዋለን። እንግዲህ ይህ ልጅ ወንድን ከሴት በምን ይለይ? ቀሚስ፣ ሹሩባ፣ ጉትቻ፣ ማን ሊጥ እንደሚያቦካ፣ ማን ሶፋ ላይ እንደሚቀመጥ። ሰውነትን በስሙ ካልጠራንለት ልጁ የቀረው ምስክር ልብስና ሥራ ብቻ ነው። ጨዋ እናደርገዋለን ስንል ቀሚሱን የሴትነት ሁሉ መሠረት አደረግንበት።

በዚህ ነገር የደጋው ልጅ ከከተማው ልጅ ይሻላል። የጃናሞራ ወይም የበየዳ እረኛ ጊደርን ከወይፈን የሚለየው በቀለሟ አይደለም። ጠቦት ሪባን ቢታሰርለት እናት በግ እንደማይሆን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚለው የከተማ ሱቅ ያመጣብን ወግ ነው፤ አያቶቻችን ሁሉንም ሕፃን ባገኙት ነጭ ጋቢና ነጠላ ነበር የሚጠቀልሉት።

እንዲያውም አያቶቻችን ምልክትና ነገር የተለያዩ መሆናቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልጅ እየሞተባት የተቸገረች እናት የተረፈውን ወንድ ልጇን ጆሮውን በስታ፣ «ነይ»፣ «እሷ» እያለች ታሳድገዋለች፤ ቡዳ እንዳያየው፣ ሞትም እንዲዘነጋው። ያች እናት ጉትቻውም ጥሪውም መሸፈኛ እንደሆኑ አልጠፋትም። ልጁ በጉትቻ ሴት እንደማይሆን ስለምታውቅ ነው በድፍረት ያደረገችው። ትልቁ ሰው ይህን እያወቀ ለትንሹ አይነግረውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። ትንሹ ዳኛ ምስክር የሚሰበስበው ከየት ነው?

አንደኛው ከቁጥር ነው። በብዙ ቦታችን ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ክርስትናው ደግሞ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ምክንያት አላት፤ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደገቡ መጽሐፈ ኩፋሌ ይነግረናል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ኩፋሌን አላነበበም። ለወንድሙ ሰባት፣ ለእኅቱ ሦስት መባሉን ብቻ ይሰማል። በእልልታው ወንዱ በለጠ፤ በቀኑ ደግሞ ሴቷ እጥፍ አላት፤ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እኛ ትርጉሙን ካልነገርነው ራሱ ይፈጥርለታል።

ሁለተኛው ከሥራ ነው። በደጋው ትንንሾቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በግ ይጠብቃሉ። ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላቸው መንገዳቸው ይለያያል፤ ወንዱ ወደ በሬው፣ ሴቷ ወደ ጀሪካኑ፣ ወደ ኩበቱና ወደ ምጣዱ። የሁለቱም ሥራ ከባድ ነው፤ ነሐሴ ላይ በሰሜን ተራራ ጉም ውስጥ ከብት መጠበቅ ቀላል አይደለም። ልጅ የሚመዝነው ግን ክብደቱን አይደለም። ማታ እሳት ዳር ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቆመ ነው የሚያየው።

ስለ ጨዋታ ብዙ አልልም። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤሊኖር ማኮቢና ካሮል ጃክሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ጥናት አሜሪካውያን ሕፃናት በአራት ተኩል ዓመታቸው ከራሳቸው ጾታ ጋር የሚጫወቱት ከሌላው ሦስት እጥፍ፣ በስድስት ተኩል ዓመታቸው ደግሞ አሥራ አንድ እጥፍ ነበር። በእኛም ግቢ ቅልልቦሹ ወዲህ፣ ኳሱ ወዲያ ነው። በቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸው ወንዱ፣ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የምትለው ሴቷ ናት። ይህን አልነቅፍም፤ ውብ ልማድ ነው፤ ሁለቱም ሙልሙላቸውንና ሳንቲማቸውን ይዘው ይገባሉ።

ከአንደበታችን የሚለቅመው ግን ያሳስበኛል። አድምጡኝ። ዛፍ የምትወጣ፣ ኳስ የምትመታ ልጅ ስናይ «ወንዳ ወንድ ናት» እንላለን፤ እየሳቅን፣ ትንሽም እየኮራን። እናቱ ጋ ተቀምጦ ሽንኩርት የሚልጥ ወንድ ልጅ ስናይ «ሴታ ሴት» እንላለን፤ ይህኛው ስድብ ነው። አጎቱ ሰምቶ «ተነሥ ከዚህ!» ይለዋል። ትንሹ ዳኛ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሴት ወደ ወንድ ስትጠጋ ትሞገሳለች። ወንድ ወደ ሴት ሲጠጋ ይዋረዳል። እንግዲህ የትኛው ከፍ ያለ፣ የትኛው ዝቅ ያለ ነው? ይህን ለመፍረድ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። «ሴትና ወንድ እኩል ናቸው» የሚል መዝሙር በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ጠዋት ጠዋት ብናዘምረው እንኳ፣ ያ የማጀት ስድብ ይበልጠዋል።

ወንዱም በዚህ አይጠቀምም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ስንለው እንባው አይደርቅም፤ የሚናገርበት ቃል ግን ይደርቃል። አዝኖ ሲመጣ የምናውቅለት ቁጣውን ብቻ ነው። ለሴቷ የጠበበው መንገድ ለእሱም በሌላ ወገን ጠቧል።

አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ አለን፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።» እንደ ቀልድ፣ ቡና ላይ፣ ልጆች ባሉበት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊን ቢያን፣ ሣራ ጄን ሌስሊና አንድሬ ሲምፒያን የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ያወጡትን ልንገራችሁ። ስለ አንድ እጅግ በጣም ብልህ ሰው ተረት ይነግሯቸውና፣ ከሥዕሎቹ መካከል ማን ይሆን ብለው ልጆቹን ይጠይቃሉ። አምስት ዓመት ላይ ሴቶቹ ሴት፣ ወንዶቹም ወንድ ይመርጣሉ፤ ሁሉም በራሱ ወገን ይኮራል። ስድስት ዓመት ላይ ግን ሴቶቹ የራሳቸውን ወገን መምረጥ ይቀንሳሉ። «ይህ ጨዋታ በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች ነው» ሲባሉም ፍላጎታቸው ከወንዶቹ ያንሳል። ያ ጥናት የተደረገው በአሜሪካ ነው፤ እዚያ «ሴት ብታውቅ» የሚል ተረት የለም። እኛ ግን ፍርዱን በቃል አስጠንተን እናስታጥቃቸዋለን። ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የሚሰሙት ነገር ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ። የልጁ ፍርድ የሚበላሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ምስክር ስላነሰው ነው። ምስክር ሲበዛለት ፍርዱ ይለወጣል። ይህን የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። ዴቪድ ቻምበርስ የተባለ ተመራማሪ ከ1966 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ልጆች የሆኑ 4,807 ተማሪዎች «ሳይንቲስት ሳሉ» እየተባሉ የሳሉትን ሰበሰበ። ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ሴቶች። እ.ኤ.አ. በ2018 የዚህን ዓይነት የብዙ ዐሥርት ዓመታት ጥናቶች አንድ ላይ የመረመሩ ሌሎች ምሁራን፣ በኋለኞቹ ዘመናት በአማካይ ከመቶ 28 ያህሉ ሴት እንደሚስሉ አገኙ። በመካከሉ ልጆቹ የተሻሉ ሆነው አልተወለዱም። በመካከሉ ሴት ሐኪም፣ ሴት መምህር፣ ሴት ተመራማሪ በዓይናቸው አዩ።

እኛስ ምን የምናሳያቸው አለን? ብዙ አለን። ልጃችሁ «እንጀራና ዳቦ የሴት ሥራ ነው» ካለ ቤተልሔሙን አሳዩት። በቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግሩት ወንዶቹ ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። ከሁሉ የከበረው ዳቦ በወንድ እጅ ይጋገራል፤ ያ ዲያቆን ቤቱ ሲገባ ግን ምጣድ መንካት ያሳፍረዋል። የአብነት ተማሪውም ጎንደር ድረስ አቋቋም ሊማር መጥቶ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ያገኘውን ራሱ ያሰናዳል። «ልብስ መሥራት የሴት ነው» ካለ ሸማኔውን ያስታውስ፤ እኛ ዘንድ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ናቫሆ የሚባሉት ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው። ከከተማችን ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ መንደር ውስጥ ከጭቃ ጀበናና ምስል የሚሠራው የሴት እጅ ነው። ቦታ ሲለወጥ የሥራው ባለቤት ይለወጣል፤ ልጅ ይህን ሲያይ ሥራ ከጾታ ጋር እንደማይወለድ ይገባዋል።

የገጠሩ ልጅ ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ክትባት የምትሰጠው፣ ካርድ የምትሞላው፣ የቀበሌውን አባወራ «መጸዳጃ ቤት ቆፍር» ብላ የምታዝዘው ሴት ናት። መምህራን ሆይ፣ ይህችን ሴት ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ ለልጆቹ ሥራዋን እንድታስረዳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እዚሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ የምንትዋብ ግንብ ቆሟል። ከቋራ የመጣችው እቴጌ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇ ኢያሱ ሲነግሥ አብራ ዘውድ ጭና ለአሥርት ዓመታት አገር አስተዳደረች፤ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንም አሳነጸች። ልጆቻችንን ወስደን ስናሳይ ግን ምን እንላለን? «እሷ እኮ ወንድ ነበረች!» እንላለን፤ ለማሞገስ። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ይህን ስትሰማ ትልቅ ምስክር ከእጇ ተነጠቀ። አገር ያስተዳደረችው ሴት ከሴቶቹ ተርታ ወጥታ ወንዶቹ ጋ ተቆጠረች።

አውራ አምባን ሳላነሣ መውረድ አልችልም። በደቡብ ጎንደር ፎገራ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። የነገሩ መነሻ የልጅ ጥያቄ ነው። ዙምራ ራሳቸው እንደሚተርኩት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ አባትና እናታቸው እርሻ ላይ አብረው ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ አባት ያርፋል። እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ እግር ታጥባለች፣ ከዘገየች ደግሞ አባት ይቆጣታል። «ሁለታችሁም አብራችሁ ውላችሁ ለምን አንዷ ብቻ?» ብለው ጠየቁ። ቤተሰቡ ልጁን እንደ በሽተኛ አየው።

ይህን አስቡት። ልጁ በደሉን ያየው መጽሐፍ አንብቦ፣ ሥልጠና ወስዶ አይደለም። ቆጥሮ ነው፤ የእናቱን ሥራና የአባቱን ሥራ ቆጥሮ። ያው ዳኝነት ነው፤ ግን ሌሎቹ ልጆች «ስለዚህ ሴት ማለት የምትሠራ ናት» ብለው ሲፈርዱ፣ እሱ «ስለዚህ ይህ ትክክል አይደለም» ብሎ ፈረደ።

ዛሬ በአውራ አምባ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ትሸምናለች፣ ታርሳለች። እዚያ የሚያድግ ልጅ ፈትል የያዘ ወንድ ሲያይ አይስቅም፤ ምን ያስቀዋል? ማኅበረሰቡ በጎረቤት ዘንድ ለዓመታት በጥርጣሬ ታይቷል፤ በደርግ መጨረሻ ዘመንም ተሰደው ቦንጋ ድረስ ሄደው ነው የተመለሱት። ጎንደር አውራ አምባ ትሁን እያልሁ አይደለም፤ ሃይማኖታቸውም አኗኗራቸውም የራሳቸው ነው። ግን የእኛው አፈር ነው፣ የእኛው አማርኛ ነው። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ክርክር እዚያ አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘመናችን ነገር ነውና። በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቋረጠው ፊደል ብቻ አይደለም። ለብዙ የደጋ ልጅ ሴት መምህርቷ ደመወዝ ያላት፣ ሰሌዳ ፊት ቆማ የምትናገር፣ በየቀኑ የሚያያት ሴት ነበረች። ያች ምስክር ስትጠፋ በአብዛኛው የሚቀረው የማጀቱ ነው። ያኔ ነው አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ራሷ «ልዳር» የምትለው፤ ሌላ አላየችም። ሕጉ ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት አይፈቀድም ይላል፤ ልጅቱ ግን ፍርዱን በስድስት ዓመቷ ጨርሳዋለች።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልንገራችሁና ልውረድ። ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ሰውነታቸውን በስሙ ጥሩላቸው፤ «ነውር» አትበሏቸው። ወንድ ልጃችሁ ወጥ ሲያማስል አጎቱም ሆነ አያቱ ቢስቁበት፣ እዚያው፣ ልጁ እየሰማ፣ መልስ ስጡለት። የጀገነች ልጃችሁን «ወንድ ናት» አትበሏት፤ «ጎበዝ ሴት» በሏት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ «ሴት ምን ትሠራለች? ወንድስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ሳታርሙ እስከ መጨረሻው ስሟቸው። መምህራን፣ እናንተ ደግሞ ለክፍላችሁ ልጆች ወረቀትና እርሳስ ስጡና «ሐኪም ሳሉ፣ ዳቦ የሚጋግር ሰው ሳሉ፣ ንጉሥ ሳሉ» በሏቸው። ሥዕሎቹን ሰብስባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባችን እዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን፤ ቆመን አብረን እንያቸው።